«አሪፍ ነው» ምን ይጠቅመኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ተገናኙ። የጻፉልኝ ፎቶ ማንሳት የሚወዱ፣ ግን እንጀራቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ተሰባስበው ጭብጥ ይመርጣሉ። «ጥላ»፣ «ብቸኝነት»፣ «ቀይ»፣ «መጠበቅ»። ከዚያ ሁሉም በጭብጡ አንድ አንድ ፎቶ ይዞ ይመጣና አንዱ የሌላውን አይቶ አስተያየት ይሰጣል። ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ይቀየማል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ሁሉንም «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔም እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጉዳዩ ለልቤ ቅርብ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለፈው ጭብጣችን «ብቸኝነት» ነበር። እኔ መስኮት አጠገብ ያለ ባዶ ወንበር አነሳሁ። ብርሃኑ የሚገባበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ሦስት ቀን ለፋሁበት። አሥራ አንድ ሰው አስተያየት ሰጠኝ። አሥሩ «አሪፍ ነው»፣ «ቆንጆ ነው» አሉ። አንዱ ግን «ጭብጡን አይገልጽም፣ ወንበር ብቻ ነው» አለኝ። ከሁሉም ጆሮዬ ላይ የቀረው የእሱ ነው። ሆድ ባሰኝ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እውነት ወንበር ብቻ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶሽን ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ፍርዱ ይቆየን።

ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ወለሉ ላይ በተኛው የመስኮት ብርሃን ላይ ነው። ረዘም ብሎ፣ በመስኮቱ ፍሬም ጥላ ለአራት ተከፍሎ፣ ወደ ወንበሩ እየተሳበ ይመጣና እግሩ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ሁለት ስንዝር ቢቀረው ነው። እዚህ ጋ እኔም ቆምኩ። ብቸኝነትን ያየሁት እዚያች ሁለት ስንዝር ላይ ነው። ቀጥዬ ወደ ወንበሩ ወጣሁ። መደገፊያው ላይ ጨርቁ በአንድ በኩል ብቻ ሳስቷል። አንድ ሰው ለብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ተደግፎ ተቀምጦበታል ማለት ነው፣ አሁን የለም። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ታች ላይ፣ ግማሹ ከፍሬም ውጪ የቀረ ሰማያዊ ነገር አለ። ባልዲ ይሁን የልብስ ቅርጫት መለየት አልቻልኩም። ፎቶው ውስጥ ካለው ቀለም ሁሉ ደማቁ እሱ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ወደ ብርሃኑ ለመመለስ ተቸገርኩ፣ ተመልሼም ደግሞ ወደ ሰማያዊው እሄዳለሁ።

«ወንበር ብቻ ነው» ያለሽ ሰውም ይኸው ሳይገጥመው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ወንበሩን አየ፣ ሰማያዊው ጎተተውና ይዞት ወጣ። ብርሃኑና ወንበሩ መሀል ያለችው ክፍተት ጋ አልደረሰም። ማለትም የተሰማው ነገር እውነት ነው፣ ስሙን ግን ስቶታል። «ጭብጡን አይገልጽም» የሚለው ድምዳሜ ነው፣ በድምዳሜ ደግሞ ምንም ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ሄደሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂው። «መጀመሪያ ዓይንህ ያረፈው የት ነው? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» በይው። ይህንን ስትጠይቂው ግን ለመከራከር አይሁን፣ መልሱን ስሚና አመስግነሽ ተመለሺ።

አሥሩም አልዋሹሽም። ወደውታል። ምኑን እንደወደዱት ነው ያልነገሩሽ። እነሱንም «ምኑ ደስ አለሽ?» ብለሽ ብትጠይቂ ቢያንስ ሦስቱ የሚረባ ነገር ይነግሩሻል። ብዙ ሰው አስተያየት የማይሰጠው ስስታም ሆኖ አይደለም፣ የጠየቀው ስለሌለ ነው።

ስለ ሕመሙ ደግሞ፣ አንዱ ነቀፋ ከአሥር ምስጋና በላይ ጆሮ ላይ መቅረቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ እኔም እስከ ዛሬ እንዲያው ነኝ። የማደርገው ይህን ነው። የተባልኩትን ቃል በቃል ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በዚያ ቀን መልስ አልሰጥም። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶዬን አውጥቼ ስልኬ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሼ አየዋለሁ፣ ወይም ገልብጬ። ሲገለበጥ ወንበሩ ወንበር መሆኑ ይቀርና ብርሃንና ቀለም ብቻ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ዓይን የሚሄደው ወደ ደማቁ፣ ወደ ብሩሁና ከአካባቢው ጋር በጣም ወደሚለያየው ነው። ያንቺን ገልብጬ ሳየው ሰማያዊው እንደ መብራት ነው የታየኝ።

ወንበሩ አሁንም እዚያው ካለ ሰማያዊውን አንስተሽ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ሦስቱ ቀን አልጠፋም። ብርሃኑ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አሁን ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ካሜራ የለኝም፣ በስልኬ ነው የማነሳው። ሌሎቹ ስለ አፐርቸር፣ ስለ አይ ኤስ ኦ ሲያወሩ ምንም አይገባኝም። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ ላብ ላብ ይለኛል። ዝም ብል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም ወንድሜ። እንዲያውም የምትፈለገው አንተ ነህ። ፎቶ አንሺ የፎቶ አንሺን ሥራ ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚያየው ካሜራውን ነው፣ «በምን ሌንስ ነው?» ብሎ ይጀምራል። አንተ ግን ፎቶውን ነው የምታየው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ፣ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ድንኳን ውስጥ አነሳች። ይህ ፎቶ በዓለም በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። እናትየው እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሩቅ ትመለከታለች፣ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተጠግተዋል። በፎቶው ታችኛ ቀኝ ጥግ ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበረበት። ላንጅን ይህ ጣት አላስቻላትም። በኋላ ከኔጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም ላይ፣ እንዲደበዝዝ አስደረገች። ያኔ ላንጅ የምትሠራበትን የመንግሥት የፎቶ ሥራ ይመራ የነበረው ሮይ ስትራይከር ግን አልተስማማም፣ ማስረጃ የሆነ ፎቶ መነካካት የለበትም ባይ ነበር። አየህ፣ ያን ጣት ለማየት ስለ አፐርቸር፣ ብርሃን ስለሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ፣ ማወቅ አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል። ይጥፋ አይጥፋ የሚለው ግን ሌላ ክርክር ነው፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ነበሩ፣ አልተስማሙም።

አንተ የመጀመሪያውን ሥራ ነው የምትሠራው። «እዚህ ጋ ጣት አየሁ።» በቃ።

ቅደም ተከተል ከፈለግህ ደግሞ ሊዝ ለርማን የምትባል አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ያወጣችው ዘዴ አለ። ለዳንስ ነው ያሰበችው፣ ለፎቶም ልክ ይሆናል። አራት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቾች ከሥራው ውስጥ ምን እንደቀረባቸው፣ ምን እንደነካቸው ይናገራሉ። ሁለተኛ ባለሥራው ራሱ ይጠይቃል፣ «ጥላው በጣም ጠቆረባችሁ?» ይላል ለምሳሌ። ሦስተኛ ተመልካቾች ይጠይቃሉ፣ ግን ጥያቄው ውስጥ ፍርድ መደበቅ የለበትም። «ለምን ይሄን ያህል አጨለምሽው?» ስትል ጥያቄ አስመስለህ መንቀፍህ ነው። «ጨለማውን ስትመርጪ ምን አስበሽ ነበር?» ስትል ግን በእውነት እየጠየቅህ ነው። አራተኛ ነው እንግዲህ የራስን አስተያየት መስጠት፣ እሱም በፈቃድ። «ስለ ባክግራውንዱ የምለው ነበረኝ፣ ልንገርሽ?» ይባላል፣ ባለሥራው «አይ፣ ዛሬ ይቅር» የማለት መብት አለው።

እኔ ይህንን ዘዴ ስሞክረው ደስ ያለኝ አራተኛው ጋ ስደርስ ልናገር ካሰብኩት ግማሹ የማያስፈልግ ሆኖ ማግኘቴ ነው። መልሱን በሦስተኛው ላይ አግኝቼዋለሁ።

ለአንተ ለጊዜው አንደኛውና ሦስተኛው ይበቁሃል። መጀመሪያ ዓይንህ የት እንዳረፈ፣ ምን እንዳስታወሰህ ተናገር። ከዚያ ያልገባህን ጠይቅ። «አይ ኤስ ኦ ምን ማለት ነው?» የሚለውም ጥያቄ ነው፣ አትፈር። የካሜራው የብርሃን ስሜት ልክ ነው። ከፍ ሲል በጨለማ ማንሳት ይቻላል፣ ፎቶው ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስልክህም ውስጥ አለ፣ ራሱ እየመረጠልህ ስለሆነ ነው ያላወቅኸው።

ጥያቄ፦ እኔ ፊት ለፊት ተናጋሪ ነኝ። ፎቶው ብዥ ካለ «ብዥ ብሏል» እላለሁ፣ ካልሆነ ደግሞ «አልሆነም» ነው የምለው። አሁን አሁን እኔ ባለሁበት ፎቶ ማሳየት የማይፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ሰማሁ። እውነት መናገር ጥፋት ሆነ እንዴ?

መልስ፦ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም እንዳንተ ያለ ሰው የሌለበት ስብስብ ውስጥ ማንም አያድግም። ግን ወንድሜ፣ እውነትህ ጎደሎ ነው። ለምን እንደሆነ በራስህ ቃል ላሳይህ።

«ብዥ ብሏል» አልክ። እሺ፣ የትኛው ብዥታ? ፎቶ ብዥ የሚልበት መንገድ ብዙ ነው፣ መድኃኒቱም የተለያየ ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውም ሰውየውም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ካሜራውን የያዘው እጅ ተንቀሳቅሷል። የተለመደው መመሪያ ሹተሩን፣ ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋውን የካሜራ መዝጊያ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/50 ሰከንድ፣ በ200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ1/200 አለማዘግየት ነው። ካሜራውን ግድግዳ ላይ መደገፍም ይረዳል። ግድግዳው ጥርት ብሎ የሚሮጠው ልጅ ብቻ ከተሳበ ደግሞ የእጅ ጥፋት የለበትም፣ ሹተሩ ለልጁ ፍጥነት አልበቃም፣ 1/500 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፊቱ ብዥ ብሎ ከኋላው ያለው ዛፍ ቅጠሉ እስኪቆጠር ጥርት ካለ ፎከሱ ዛፉን ይዟል። አፍንጫው ጥርት ብሎ ዓይኑ ብዥ ካለ አፐርቸሩ በጣም ተከፍቷል፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት የሚለው ክፍል ይጠባል፣ ኤፍ 1.8 በሚባለው ሰፊ ልክ በቅርበት ሲነሳ በአፍንጫና በዓይን መካከል ያለው ርቀት እንኳ ይበዛበታል። ሁሉም ነገር ጉም የለበሰ መስሎ መብራቶቹ ዙሪያቸው ከፈካ ደግሞ፣ በተለይ በስልክ ከሆነ፣ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አለቀ።

አምስት የተለያየ ነገር ነው ይሄ። አንተ ለአምስቱም «ብዥ ብሏል» ነው የምትለው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ምን ያስተካክል? ሌንስ ይጥረግ ወይስ ሌላ ሌንስ ይግዛ? ሰዎች የሚሸሹህ ለስላሳ ስላልሆንክ ብቻ አይመስለኝም። ተጎድተው ባዶ እጃቸውን ስለሚመለሱ ነው። ጎድቶም ቢሆን የሚያሳይ ሰው ይፈለጋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ከእኔ ሕይወት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ጭብጣችን «እናት» ነበር። አንድ ዝምተኛ ልጅ ፎቶ ይዞ መጣ። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ሁለት እጆች። መርፌው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ክሩን የያዙት ጣቶች ግን ተስበው ጥላ መስለዋል። እኔ አየሁና «እጅህ ተንቀሳቅሷል፣ ሹተርህን አፍጥነው» አልኩ። ወደሚቀጥለው አለፍን። ልጁ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ወር አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። የእናቱ እጅ በሕመም ይንቀጠቀጥ እንደነበር የሰማሁት ከጓደኛው ነው። መርፌውን መርፌ መትከያ ላይ ሰክቶላቸው፣ ሹተሩን ሆን ብሎ አዘግይቶ፣ እሳቸው ክሩን ሊያስገቡ ሲታገሉ ነው ያነሳው። የእናቱን ትግል ነበር ያሳየን። መርፌው ለምን ጥርት እንዳለ እንኳ ልብ አላልኩም፣ የአንሺው እጅ ተንቀሳቅሶ ቢሆን መርፌውም አብሮ ይሳብ ነበር። እውቀቱ ነበረኝ። «ይሄን ሆን ብለህ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፊት ለፊት መናገርህን አትተው። መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ለይተህ ተናገር። «አልሆነም» የሚለውን ቃል ግን ብታስቀረው ደስ ይለኛል፣ ምንም አይናገርም። «ጭብጡ ፍጥነት ነው ብላችኋል፣ እኔ ግን ልጁ የቆመ መሰለኝ፣ ሁለቱም እግሩ መሬት ላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ» ብትል ያው ነቀፋ ነው፣ ግን ሰውየው በሚቀጥለው ቀን ልጁን እግሩ አየር ላይ ሲሆን ሊጠብቀው ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ፎቶው ውስጥ ስላለው ሰው መልክ አስተያየት አይሰጥም። «ወፍራለች»፣ «አርጅቷል» አይባልም። የመጣነው ፎቶውን ልናይ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ምናልባት የባለፎቶው እህት ወይም አባት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሌ «ሰውየውን ከመሀል አውጣው፣ የአንድ ሦስተኛውን ሕግ ጠብቅ» እባላለሁ። ይሄ ሕግ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ሕጉ ፎቶውን በአግድምም በቁመትም ለሦስት ከፍለህ ዋናውን ነገር ከመሀል ይልቅ ከመክፈያ መስመሮቹ በአንዱ ላይ አድርገው ይላል። «የአንድ ሦስተኛ ሕግ» የሚለውን አባባል በጽሑፍ ያሰፈረው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፣ በ1797 እ.ኤ.አ.። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም፣ እስከ ዛሬ የተረፈው የመጀመሪያው የካሜራ ፎቶ እንኳ ከ1820ዎቹ ነው። ስሚዝ የሚያወራው በመልክዓ ምድር ሥዕል ላይ መሬትና ሰማይ፣ ብርሃንና ጥላ እኩል ለእኩል እንዳይካፈሉ ነበር። ጥሩ ምክር ነው። ጀማሪ ሁሉ ነገሩን መሀል ላይ የመትከል ልማድ ስላለው ይረዳዋል። ነገር ግን ጭብጡ «ጸጥታ» ከሆነና ሰውየው ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ መሀል ላይ መሆኑ ነው ጸጥታውን የሚሰጠው። በሚቀጥለው ሲሉህ «ወደ ጎን ባወጣው ይሄ ፎቶ ምን ያገኛል?» ብለህ ጠይቃቸው። መልስ ካላቸው ስማቸው። ሕጉን ብቻ ከደገሙልህ እለፈው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። እኔ ካሜራ የያዝኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጭብጣችን «መጠበቅ» ሲሆን ባለቤቴን በር ላይ ቆማ ወደ ውጭ ስታይ አነሳኋት። ከዚያ አንዱ «በግራ ያለውን ባዶ ቦታ ክሮፕ አድርገው፣ ቆርጠህ አውጣው» አለኝ። ሌላዋ «ባዶው ቦታ ነው ውበቱ፣ እንዳትነካው» አለች። ሦስተኛው «ፊቷን አብራው»፣ አራተኛው «ጥቁርና ነጭ አድርገው» አለ። ሁሉንም ባደርግ ፎቶው የኔ መሆኑ ቀረ፣ ባላደርግ ደግሞ ምክር አልሰማም አሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ፎቶዎን አብሬ ስላየሁ እግዜር ይስጥልኝ ልበል።

ብዙ ጊዜ ያስተዋልኩትን ልንገርዎት። ሰዎች ፎቶ ላይ የሆነ ቦታ ሲቸግራቸው ቦታውን በትክክል ይጠቁማሉ፣ መድኃኒቱን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ኪስ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አራቱ ያዘዙትን ለጊዜው ይተዉትና የጠቆሙበትን ቦታ ይሰብስቡ። ክሮፕ ይደረግ ያለውም፣ እንዳይነካ ያለችውም ስለ ግራው ጨለማ ነው የሚያወሩት። ፊቷ ይብራ ያለው ፊቷ ከጨለማው ጋር ተዋሕዶበታል። ጥቁርና ነጭ ያለው ደግሞ እንደሚመስለኝ የበሩ አረንጓዴ ቀለም ከፊቷ በላይ ጎልቶበታል፣ ቀለሙን ቢያጠፋው የሚገላገል መስሎት ነው። እንግዲህ አራቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል። የእርሷ ፊት ቶሎ አልተገኘላቸውም።

ይህን ካወቁ ምርጫው የእርስዎ ነው። እኔ ብሆን ባዶውን ቦታ አልነካም። የሚጠበቀው ሰው የሚመጣበት መንገድ ያ ነው፣ ከቆረጡት ባለቤትዎ በር ላይ የቆመች ሴት ብቻ ትሆናለች። ፊቷን ግን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ አነሳዋለሁ። አረንጓዴውንም ቀዝቀዝ አደርገዋለሁ። ጥቁርና ነጩን አልደግፍም፣ የለበሰችው ሹራብ ቢጫው እዚያ ጨለማ ውስጥ የቀረ ሙቀት ነው፣ እሱ አብሮ ይጠፋል።

«የኔ መሆኑ ቀረ» ስላሉት አይስጉ። ትልልቆቹ ፎቶ አንሺዎችም በአንዴ አልጨረሱትም። አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከአንዲት መንደር በላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳትን ፎቶ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ አትሟታል፣ በኋላ ያተማቸው ላይ ሰማዩ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ በጣም ጠቁሯል። ያው አንድ ኔጋቲቭ ነው። ክሮፕን አጥብቆ ይጠላ የነበረው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን እንኳ በ1932 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያ ጀርባ ውሃ ላይ የሚዘል ሰው ያነሳበትን ዝነኛ ፎቶ ክሮፕ አድርጎታል፣ በአጥር ክፍተት ሾልኮ ስላነሳው በግራ በኩል አጥሩ ገብቶበት ነበር።

ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡና ኮፒ ላይ ይሥሩ። አንዱን ክሮፕ አድርገው፣ አንዱን አብርተው፣ ሌላውንም ጥቁርና ነጭ አድርገው ጎን ለጎን ይዩዋቸው። «ምክር አይሰማም» ላሉትም «ሞክሬዋለሁ፣ ይኸው፣ እኔ ግን ይሄኛውን መረጥኩ» ብለው ያሳዩአቸው። ባለቤትዎንም ይጠይቋቸው እስቲ። የትኛው ላይ ነው እየጠበቁ የነበሩ የሚመስላቸው?

ጥያቄ፦ ጭብጡ «ቀይ» ነበር። እኔ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አቀረብኩ። ባዶ መንገድ ላይ በሌሊት የትራፊክ መብራት፣ የላይኛው በርቷል፣ አንድ መኪና ብቻዋን ቆማለች። «ቀይ የለበትም፣ ከጭብጥ ውጪ ነው» ተባልኩ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ለእኔ ከጭብጡ ውስጥ ነሽ፣ በደንብ። የላይኛው መብራት ቀይ መሆኑን ዓይን አውቆ ይሞላዋል፣ መኪናዋም ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ቆማ ትመሰክራለች። ቀይን ሳታሳዪ አሳየሽኝ። ግን ለሁሉም ሰው እንዲህ ደርሷል ወይ የሚለውን ለማወቅ አንድ መሞከሪያ አለ። ፎቶውን ላላየው ሰው ጭብጡን ብቻ ነግረሽ አሳዪው፣ አፍሽን ዝጊ፣ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ፊቱ ላይ ታይዋለሽ። ከተናገርሽ በኋላ ብቻ «አሃ!» የሚል ከሆነ መብራቱ ትንሽ ነው፣ ወይም የትኛው እንደበራ አይለይም ማለት ነው። ጠጋ ብለሽ አንሺው። አስተያየት ሰጪዎችም ፎቶውን «ከጭብጥ ውጪ ነው» ከማለታችሁ በፊት እነዚያን አሥር ቁጥሮች ስጡት።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬን ፎቶ ወድጄው ትንሽ ኤዲት አድርጌ፣ ክሮፕም አድርጌ፣ ቀለሙንም አስተካክዬ መልሼ ላኩለት። ይደሰታል ብዬ ነበር፣ ተቆጣኝ። አሁን ሰላምታም የለንም። ምን በደልኩት?

መልስ፦ ደግ አስበህ እንደሆነ አልጠራጠርም። እሱ ግን ያየው እጅህን ሥራው ውስጥ ነው። ሳይፈቀድ የሰው ፎቶ አይነካም። ኤዲት አድርጎ ማሳየት በራሱ መጥፎ አይደለም፣ አንዳንዴ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል፣ ግን «ልሞክረው?» ተብሎ ነው። ካልተፈቀደም መንገድ አለ። «በግራ በኩል ያለውን ምሰሶ በመዳፍህ ሸፍነህ እየው እስቲ» ትለዋለህ። ይሸፍናል፣ ያያል፣ እጁን ያነሳል፣ እንደገና ይሸፍናል። ክሮፑን ያገኘው እሱ ራሱ ይሆናል፣ ባይስማማም እጁን አንስቶ ይተወዋል።

አሁን ግን ደውልለት፣ በጽሑፍ አይሁን። ይቅርታ ጠይቀው፣ የሠራኸውን ኮፒ እንዳጠፋኸው ንገረው፣ ደግሞም በእውነት አጥፋው። ከዚያ መጀመሪያ ፎቶውን ስታይ ምኑ እንደያዘህ ንገረው። ወድጄው ነበር ብለኸኛል፣ ይህን ለእሱ የነገርከው አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ወር ጭብጥ «እጅ» ነው ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አሉ። ፎቶውን ስትልኩልኝ የተሰጣችሁን አስተያየት ቃል በቃል አብራችሁ ላኩልኝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸዋለሁ።